ሃይላንድ ሳይገዙ ቁልቢ ደርሶ መመለስ

በዚህ እትም የአንባብያን ጥያቄና መልስ ዓምድ ከመንገደኞች የደረሱንን ደብዳቤዎች ይዞ ቀርቧል። ጠያቂዎቻችን የሚጓዙበት ምክንያት ይለያያል፤ አንዷ ለንግሥ፣ አንዱ ለንግድ፣ አንዷ ወላጅ ለመጠየቅ ይጓዛሉ። ሁሉም ያነሡት ጉዳይ ግን አንድ ነው፤ አንዴ ተጠቅመን የምንጥለውን ፕላስቲክ በመንገድ ላይ እንዴት እንቀንሰው የሚል ነው። ደብዳቤዎቹ ረዘም ያሉ ስለነበሩ ፍሬ ነገራቸውን ብቻ አስቀርተናል።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ ለታኅሣሥ ገብርኤል 45 ያህል ምእመናንን አስተባብሬ በአውቶቡስ ወደ ቁልቢ እወስዳለሁ። ውሃ ባለ ግማሽ ሊትሩን በእሽግ እንገዛለን፤ ምሳውንም በሚጣል ሣህንና በፌስታል እናድላለን። ባለፈው ጉዞ ስንመለስ የአውቶቡሱ ወለል በባዶ ሃይላንድ ተሞልቶ ነበር። ከአዋሽ ወዲህ ደግሞ በመስኮት ሲወረወር በዓይኔ እያየሁ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል። ሰው ሳይጠማብኝና ሳይታመምብኝ ይህን ልለውጠው እችላለሁን? (ከአዲስ አበባ፣ ኮተቤ)

መልስ፦ የተከበሩ እኅታችን፣ ይችላሉ። እንዲያውም ብቻውን ከሚጓዝ ሰው ይልቅ እንደ እርስዎ ብዙ ሰው ለሚያስተባብር ሰው ነገሩ ይቀልላል፤ ውሃውን የሚገዛውም፣ ምግቡን የሚያዘጋጀውም፣ መመሪያውን የሚናገረውም አንድ አካል ነውና። በመጀመሪያ ቁጥሩን አብረን እናስላው። የአዋሽን ቆላ ሙቀት አስበን አንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ይጠጣል ብንል፣ ለሁለት ቀን 6 ሊትር፣ ማለትም 12 ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያስፈልገዋል። ለ45 ሰው 540 ሃይላንድ ይሆናል ማለት ነው። ይኸው 270 ሊትር ውሃ በባለ 20 ሊትር ዕቃ ቢያዝ 14 ዕቃ ይበቃዋል። ክብደቱ ያው የውሃው ክብደት ስለሆነ አውቶቡሱ ላይ የሚጨምረው ሸክም የለም፤ እሽጉ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ለጄሪካኖቹ ይሆናል።

ዕቃውን በሁለት መንገድ ማግኘት ይችላሉ። አንደኛው ለቢሮና ለመኖሪያ ቤት ውሃ ከሚያከፋፍሉ ድርጅቶች ባዶውን መልሰው የሚረከቡትን ትልቁን የውሃ ጋሎን መውሰድ ነው። ሁለተኛው ባለ ቧንቧ ጄሪካን መግዛት ሲሆን፣ አንዴ ከተገዛ ለብዙ ዓመት ጉዞ ስለሚያገለግል እኔ ይህን እመርጣለሁ። ጄሪካኑ አዲስ ወይም ከዚህ በፊት ውሃ ብቻ የተያዘበት ይሁን፤ በረኪና፣ ጋዝ ወይም የእርሻ መድኃኒት የነካውን ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ አያውሉት። ባለ ቧንቧው የሚመረጥበትም ምክንያት አለው፤ ንጹሕ ውሃ የሚበከለው ብዙውን ጊዜ ከምንጩ ሳይሆን ሰው ሁሉ ኩባያውንና እጁን ሲነክርበት ነው። ከቧንቧ የቀዱት ከሆነ እንደ ውሃ አጋር ያለ የውሃ ማከሚያ በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምረው ግማሽ ሰዓት ያቆዩት። የክሎሪኑ ጥቅም ሲጨመር ያለውን ተሕዋስ መግደሉ ብቻ አይደለም፤ ጥቂቱ በውሃው ውስጥ ስለሚቆይ በመንገድ የሚገባውንም ይከላከላል። የተፈላ ውሃ ይህ ጥቅም የለውም።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ኩባያው ነው። በምዝገባው ቀን እያንዳንዱ ተጓዥ የራሱን ኮዳ ወይም የቆርቆሮ ኩባያ ይዞ እንዲመጣ ይንገሩ፤ በደረሰኙ ጀርባም ይጻፉበት፤ በጉዞው ዋዜማም በስልክ ያስታውሱ። የሚረሳ ሰው አይጠፋምና አሥር ያህል ተጨማሪ ኩባያ ይያዙ።

ስለ ስንቁ ከእርስዎ በላይ አላውቅም፤ ሆኖም ቁልቢ የሚነግሠው በነቢያት ጾም ውስጥ በመሆኑ ነገሩ ከሚያስቡት በላይ ይቀልልዎታል። ቅቤ የገባበት ጭኮ ለዚህ ጉዞ ባይሆንም ቆሎው፣ በሶው፣ ዳቦው፣ የጾም ዳቦ ቆሎውና በአገልግል የሚታሰረው ፍርፍር አንድም ፌስታል አይፈልጉም። ራስ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ ወዳሠሩት ወደዚህ ደብር በእግርና በበቅሎ ይመጡ የነበሩት ምእመናን ስንቃቸውን በአገልግልና በስልቻ፣ ውሃቸውንም በቅል ይዘው ነበር የሚመጡት። አገልግል ክዳን ያለው፣ በቆዳ የተለበጠ፣ በጠፍር የሚንጠለጠልና ለዓመታት የሚያገለግል የምግብ መያዣ ነው፤ በየቤታችን ግድግዳ ላይ ለጌጥ ሰቅለን ለጉዞ የሚጣል ሣህን መግዛታችን ያሳዝነኛል። ለአራት ወይም ለአምስት ሰው አንድ አገልግል መድበው በቡድን እንዲቋደሱ ቢያደርጉ ሣህን ጭራሽ አያስፈልግዎትም።

በመስኮት ስለሚወረወረው ነገር፣ ከተጓዡ በፊት ሹፌሩንና ረዳቱን ያነጋግሩ። በብዙ አውቶቡስ ላይ ቆሻሻ በበር ጠርጎ የሚያወጣው ረዳቱ ነው፤ የሚያደርገውም ሌላ ማስቀመጫ ስላልተሰጠው ነው። በበሩ አጠገብ ሁለት ጆንያ ያንጠልጥሉ፤ አንዱ ለሃይላንድና ለጣሳ፣ ሌላው ለቀረው ቆሻሻ ይሁን። የመጀመሪያውን ጆንያ አዲስ አበባ ሲገቡ ለቆራሌው ይስጡት። ጠበል የሚቀዱ ሰዎች ከደብሩ በር ላይ አዲስ ፕላስቲክ እንዳይገዙ ደግሞ ከቤታቸው ንጹሕ ዕቃ ይዘው እንዲመጡ አብረው ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ከደሴ ወደ ገጠር ከተሞች ሕዝብ የማመላልስ ሹፌር ነኝ። በመንገድ ላይ ልጆች «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ሲሮጡ ባዶውን እንጥልላቸዋለን፤ ለቤታቸው ይጠቅማቸዋል፤ የከተማውንም ቆራሌው ይለቅመዋል። ታዲያ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ያነሡት ነገር ብዙ እውነት አለው፤ ጉዳዩን ከከተማ ቢሮ ሆነው የሚናገሩ ሰዎችም ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል። ሃይላንድ በመጀመሪያ የአንድ የታሸገ ውሃ መጠሪያ ነበር፤ ዛሬ የማንኛውም ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ስም ሊሆን የቻለው በአገራችን ባዶው ዕቃ ራሱ ዋጋ ስላለው ነው። ዘይት ይለካበታል፣ ማርና አረቄ ይሸጥበታል፣ ጠበል ይቀዳበታል፣ ልጅ ውሃ ይዞ ትምህርት ቤት ይሄድበታል። ስለዚህ ባዶ ሃይላንድ ለሚፈልገው ሰው በእጁ መስጠት ጥፋት ነው አልልም።

ጥፋቱ መወርወሩ ነው። ልጅ የተወረወረ ሃይላንድ ለማንሣት ሲሮጥ ዓይኑ ያለው ዕቃው ላይ እንጂ ከኋላ በሚመጣው መኪና ላይ አይደለም፤ ይህን እርስዎ ከመሪው ኋላ ሆነው ከእኔ በተሻለ አይተውታል። መስጠት ከፈለጉ መኪናውን አቁመው፣ ካልሆነም በሚያድሩበት ከተማ ለሚለቅም ሰው ያስረክቡ። ቆራሌውን በሚመለከት ደግሞ እርሱ የሚደርሰው ሚዛንና ገዢ ባለበት ከተማ ነው። በገደልና በሜዳ ላይ የተጣለውን ማንም ተከትሎ አይለቅመውም።

ከሃይላንዱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ፌስታሉ ነው። አንድ ኪሎ ለመሙላት በመቶ የሚቆጠር ፌስታል መልቀም ያስፈልጋል፤ ያም ቢሆን ጭቃና ምግብ የነካው ስለሚሆን ገዢ የለውም። ስለዚህ ቆራሌው አያነሣውም፤ ነፋስ ያነሣዋል፤ ቁጥቋጦ ላይ ይሰቀላል፤ ጨው ወይም የምግብ ሽታ የቀረበት ከሆነም ከብት ይበላዋል። በአገራችን ቄራዎች የተደረጉ የእንስሳት ጤና ጥናቶች በከብት ጨጓራ ውስጥ ከሚገኙ ባዕድ ነገሮች መካከል በብዛት የሚገኘው ፕላስቲክ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። እኔ ራሴ ለበዓል ከታረደ በሬ ጨጓራ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ፌስታል ሲወጣ ቆሜ አይቻለሁ። ፌስታሉ በከርሱ ውስጥ አይፈጭም፣ አይወጣምም፤ ቦታ ይዞ ስለሚቀመጥ እንስሳው ጠግቦ የበላ እየመሰለው ይከሳል። የመንገድ ዳር ሜዳ የአንድ ገበሬ ግጦሽ መሆኑን ተሳፋሪዎችዎ ከእርስዎ አፍ ቢሰሙት ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ ይቀበሉታል።

ጥያቄ፦ ሆቴል ሳድር በክፍሉ ውስጥ የሚቀመጡትን ትንንሽ ሳሙናና ሻምፖ ምን ላድርጋቸው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሳይከፍቷቸው ይተዉአቸው። ያልተከፈተው ለሚቀጥለው እንግዳ ይቀመጣል፤ የተከፈተው ግን ግማሹም ሳያልቅ ይጣላል። የራስዎን ሳሙና በትንሽ ቆርቆሮ ይያዙ፤ ሲገቡም አልጋ አጠገብ የሚቀመጠውን የታሸገ ውሃ እንደማይፈልጉ ለእንግዳ ተቀባዩ ይንገሩና የተፈላ ውሃ በፔርሙስ እንዲያቀርቡልዎ ይጠይቁ። ሻይ የሚያፈላ ማድ ቤት ይህን ለማድረግ አይቸገርም።

ጥያቄ፦ በሰሜን ተራሮች የማስጎብኘት ሥራ እሠራለሁ። እንግዶች ለአራትና ለአምስት ቀን የሚበቃ የታሸገ ውሃ በበቅሎ ያስጭናሉ፤ ባዶውም በየሰፈሩ ይቀራል። የምንጭ ውሃ አፍልቶ መጠጣት በቂ ነውን? ማጣሪያውስ ይታመናል? ደግሞስ አንዱን ሃይላንድ ደጋግሞ መሙላት ጉዳት አለው? (ከደባርቅ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጥያቄዎ ሦስት ነውና በተራ እመልሳለሁ።

ማፍላት ከሁሉም የታመነ ነው፤ ባክቴሪያውንም፣ ቫይረሱንም፣ እንደ ጃርዲያ ያሉትን የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያንም ይገድላል። ነገር ግን ከፍ ባለ ቦታ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው። አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ፣ በተራሮቹ ላይ ከ3,600 ሜትር በላይ ባለው የጨነቅ ማደሪያ ሰፈር ደግሞ 88 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ሁሉ ውሃው መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል፤ ለቆላው የሚበቃው 1 ደቂቃ ነው። ደባርቅም ሆነ ጎንደርና ላሊበላ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ በእርስዎ አካባቢ ሁልጊዜ ሦስት ደቂቃ ይበሉ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ማከል ያስፈልጋል። ውሃውን ለማፍላት ከፓርኩ አስታን የመሰሉ የደጋ ዛፎች የሚቆረጡ ከሆነ የምናድነው ከምናጠፋው ያንሳል፤ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ከእነዚህ ዕፅዋትና ከዋልያው ጋር ነው። ስለዚህ የጋዝ ወይም የኬሮሲን ምድጃ ይዘው ይውጡ፤ የማታውን ምግብ ባበሰሉበት እሳት የነገውን ውሃ አብረው ያፍሉ፤ ሌሊቱን ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ለየኮዳው ይከፋፈላል።

ማጣሪያውን በሚመለከት፣ ቀዳዳው ከ0.2 ማይክሮን የማይበልጥ ማጣሪያ ባክቴሪያንና ጃርዲያን ያስቀራል፤ ቫይረስን ግን አያስቀርም። ሰውና ከብት ከሚውልበት በታች የተቀዳ ውሃ ከሆነ አጣርተው ክሎሪን ይጨምሩበት። በውስጡ ቀጫጭን ቱቦዎች ያሉት ዓይነት ማጣሪያ አንዴ ውሃ ከነካው በኋላ በረዶ ከያዘው ቱቦዎቹ ይሰነጠቃሉ፤ ጉዳቱም በዓይን አይታይም። የጨነቅና የግጭ ሰፈሮች ሌሊት ውርጭ ስላለው ማጣሪያውን በመኝታ ከረጢት ውስጥ፣ በሰውነት ሙቀት ያሳድሩት።

ሃይላንዱን ደጋግሞ መሙላት በራሱ የሚያስፈራ አይደለም። የሚያስፈራው ንጽሕናው ነው፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እጅም ብሩሽም አይገባበትም፤ ሲጫርም በጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ይይዛል። የፈላ ውሃ ከተጨመረበትም ይጨማደዳል፤ ይህ ፕላስቲክ ከ70 ዲግሪ በላይ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራልና። ስለዚህ ለእንግዶችዎ ሰፊ አፍ ያለው የብረት ኮዳ ደባርቅ ላይ አከራዩ። ሰባት ወይም ስምንት ኮዳ ገዝታችሁ በየጉዞው ብታከራዩ፣ ለታሸገ ውሃ ይወጣ የነበረው ገንዘብ በከፊል ለእናንተ ይቀራል፤ የበቅሎውም ጭነት ይቀንሳል። ይህን ሐሳብ ከልብ እንድታስቡበት እለምናችኋለሁ፤ ጭላዳ ዝንጀሮ የላስቲክ ቁራጭ ሲመረምር ማየት ለማንም ደስ አይልም።

ጥያቄ፦ ለንግድ ወደ ናይሮቢና ወደ ኪጋሊ እመላለሳለሁ። ናሙና ዕቃዬን በፌስታል ጠቅልዬ እይዛለሁ። ችግር ይገጥመኛል? (ከአዲስ አበባ፣ መርካቶ)

መልስ፦ ይገጥምዎታል። ሩዋንዳ ፌስታልን እ.ኤ.አ. በ2008 ከልክላለች፤ በ2019 ደግሞ ክልከላውን አንዴ ለሚጣሉ ሌሎች ፕላስቲኮችም አስፍታለች፤ ኪጋሊ ሲገቡ በፍተሻ የተገኘ ፌስታል ይወሰዳል። ኬንያ ክልከላውን የጀመረችው እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 2017 ሲሆን፣ ቅጣቱ እስከ 4 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ወይም እስከ 4 ዓመት እስራት ሊደርስ ይችላል። ከጁን 5 ቀን 2020 ጀምሮ ደግሞ የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስን ጨምሮ አንዴ የሚጣል ፕላስቲክ ይዞ ወደ ብሔራዊ ፓርኮችና ወደ ባሕር ዳርቻዎች መግባት ተከልክሏል። ወደ ታንዛኒያ የሚሻገሩ ከሆነም እዚያ ከጁን 1 ቀን 2019 ጀምሮ ፌስታል የተከለከለ ነው። ናሙናዎን በአቡጀዲ ከረጢት ወይም በወረቀት ይያዙ።

በአገራችንም ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጥ ፌስታሎችን ይመለከት ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ከልክሏል። ስለዚህ ለናይሮቢ ብለው የሚያሰፉት ከረጢት ለመርካቶም ያገለግልዎታል።

ጥያቄ፦ ከሁለት ልጆቼ ጋር በየሁለት ዓመቱ በክረምት አዲስ አበባ እመጣለሁ። በአውሮፕላን ላይ የሚጣለው ኩባያና ላስቲክ ያስጨንቀኛል። ስመለስ ደግሞ እናቴ በርበሬውን፣ ሽሮውንና ቆሎውን በአምስት በስድስት ፌስታል ደራርባ ታሽግልኛለች፤ ሻንጣውም አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በፕላስቲክ ይጠቀለላል። እናቴን እንዳላስቀይም ምን ላድርግ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ከአውሮፕላኑ እንጀምር። በእጅ ሻንጣ በሚያዝ ፈሳሽ ላይ የተጣለው የ100 ሚሊ ሊትር ገደብ የሚመለከተው ፈሳሹን እንጂ ባዶ ዕቃውን አይደለም፤ ባዶ ኮዳ ፍተሻውን ያልፋል፤ ካለፉ በኋላ ይሞላሉ። አስተናጋጆቹ ውሃ ሲያዞሩ ኮዳውን ከፍታችሁ እንዲቀዱላችሁ ይጠይቁ፤ ያ ካልሆነም በመጀመሪያ የተሰጣችሁን ኩባያ እስከ መጨረሻ ይዛችሁ አቆዩ። ለልጆቹ የራሳቸውን ማዳመጫና ነጠላ ወይም ጋቢ ይያዙላቸው፤ በአውሮፕላን የሚታደሉት ማዳመጫና ብርድ ልብስ በላስቲክ የታሸጉ ናቸውና። አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ደግሞ በእናትዎ ቤት የተፈላ ውሃ አለ፤ ከላይ ያነሣነው ሦስት ደቂቃ እዚህም ይሠራል። ልጆቹ ኮዳቸውን ጠዋት ከቤት ሞልተው ከወጡ በየሱቁ ሃይላንድ መግዛት አያስፈልግም።

ሻንጣውን ስለመጠቅለል፣ ሰዎች ይህን የሚያደርጉት እንዳይከፈትና እንዳይፈነዳ ፈርተው እንደሆነ አውቃለሁ። ጠንካራ ቀበቶና ትንሽ ቁልፍ ወይም ከወፍራም ጨርቅ የተሰፋ የሻንጣ ልባስ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ቤትዎ ሲደርሱም ተቀዶ የሚጣል ነገር የለም።

የበርበሬው ነገር ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወደ አሜሪካ በሚደረግ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተያዘ ለተጨማሪ ፍተሻ ይዳረጋል፤ ስለዚህ በርበሬውና ሽሮው በሚጫነው ሻንጣ ይሂዱ። እናትዎ ፌስታሉን የሚደራርቡት ሽታውና ብናኙ ልብስዎን እንዳይነካ አስበው ነውና ሥጋታቸው ተገቢ ነው፤ ጨርቅ ብቻውን የተፈጨ በርበሬ አይዝም። የዱቄት ወተት ባዶ ቆርቆሮ ክዳኑ ስለሚገጥም በርበሬን በደንብ ይይዛል፤ ክዳኑን በወረቀት ማጣበቂያ ዙሪያውን ያሽጉት፤ ቆርቆሮውን በአቡጀዲ ከረጢት ውስጥ ያስገቡት። ለቆሎና ለዳቦ ቆሎ ከረጢቱ ብቻ ይበቃል።

እናትዎን ላለማስቀየም ከሁሉ የሚሻለው ሥራውን ለእርሳቸው መስጠት ይመስለኛል። በመጡ በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት ሜትር አቡጀዲ ይግዙና «እማዬ፣ የበርበሬው፣ የሽሮውና የቆሎው ከረጢት በልክ ይሰፋልኝ» ብለው ይለምኗቸው። እርሳቸው የማይሰፉ ከሆነ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል፤ ልኩን ግን እናትዎ ይስጡ። ባዶዎቹን ከረጢቶች አጥበው ከሁለት ዓመት በኋላ በሻንጣዎ ይዘው ይመለሱ፤ እንደገና የሚሞሏቸው እርሳቸው ናቸው።